የመጀመሪያው ቁራጭ ለእትየ ውዳሴ

ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽ ለአክስቴ ልጅ ለደስታነሽ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ባለሽበት በቶሪኖ ከተማ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ የአንቺ ሐሳብ ካልሆነ በቀር ደህና ነን። ቤቱ ደህና ነው፣ ኦቨኑም ደህና ነው፣ እናትሽ እትየ ውዳሴም ደህና ናቸው። ክረምቱ ብቻ ዘንድሮ በርትቶብን ከገጠር የሚመጣው ሰው በጭቃው ምክንያት ቀርቶ ገበያው ቀዝቅዟል።

ደብዳቤ መጻፍ ከጀመርን ወዲህ ጣቴ እንደ ተማሪ ጣት ቀለም በቀለም ሆኗል። ስልኩ ሲያሻው መጥቶ ሲያሻው ስለሚጠፋ ምን ይደረግ። እትየም እንደነገርኩሽ ጆሯቸው ከድቷቸዋል፤ ስልክ ቢሰጧቸው የሚሰሙት ንፋሱን ነው። ደግነቱ የጎረቤታችን ልጅ ናሁሰናይ ሚኒባሱን ይዞ አዲስ አበባ በወረደ ቁጥር ፖስታ ቤት ያደርስልኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ አንቺ ዙሪያ ጥምጥም አትወጂም። አንቺ ባሠራሽው ቤት መንገድ ዳሯን ክፍል ኬክ ቤት ካደረግኳት ዓመት አለፈኝ። መጀመሪያ ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። አሁን ግን ከመናኸሪያው ማዶ ህይወት የምትባል ልጅ ከባሕር ዳር መጥታ ሌላ ኬክ ቤት ከፈተችብኝ። የእሷ ኬክ አናቱ ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም አለው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ቀለም ካየ ሌላ አይጠይቅም። ባለፈው በላክሽልን ፎቶ ላይ ፍሬ ከላዩ የተደረደረበት፣ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ነገር አይቻለሁ። ስሙ ታርት ነው ብለሽ ከጀርባው ጽፈሻል። እሱን ካስተማርሽኝ ህይወት ዕቃዋን ሸክፋ ባሕር ዳሯ ትገባለች።

ለራሴ ብቻ የምለምን እንዳይመስልሽ። ፎቶውን ለእትየ አሳየኋቸው። አገላብጠው አይተው አይተው፣ «ይህን ልጄ ናት የሠራችው? ሳልሞት ብቀምሰው» አሉ። እኔ እንባዬ መጣ።

እባክሽ አሠራሩን ጻፊልኝ። ሰው ካገኘሽም መጋገሪያ ፎርማውን ላኪልኝ። እትየ «ልጄ የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ አይይሽ» ብለው መርቀውሻል።

የአጎትሽ ልጅ ያምሮት


ቶሪኖ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለያምሮት፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እስከ ዛሬ ሳሚልኝ ስልሽ ያልሳምሽበት ቀን ካለ እሱንም ጨምረሽ ሳሚልኝ።

ይህን አሠራር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። የምሠራበት ቤት ባለቤት አንዲት አሮጊት ናት። መሙያውን ያሳየችኝ ስድስት ዓመት አብሬያት ከሠራሁ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስትቀላቅል ጀርባዋን ትሰጠኝ ነበር። ስለ ህይወት ብቻ ጽፈሽልኝ ቢሆን መልስ አታገኚም ነበር። የምጽፈው እናቴ ሳልሞት ብቀምሰው ስላለች ነው። ስለዚህ እንዳልኩሽ ሥሪ፤ ከራስሽ ምንም አትጨምሪ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ መጨመር ትወጃለሽ።

ቅርፊቱ ፉርኖ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የእንቁላል አስኳልና ቁንጥር ጨው ነው። የገበታ ቅቤ ካላገኘሽ ለጋ ቅቤ ይሁን፤ በቀዝቃዛ ውኃ ሦስት አራት ጊዜ እጠቢው፣ ውኃው ነጭ መሆኑን እስኪያቆም። ኮሰረት የነካው ቅቤ ግን አጠገቡ እንዳይደርስ። ቅቤና ዱቄቱን በጣትሽ ጫፍ እያፍተለተልሽ ፍርፍር ሲልልሽ አስኳሉን ጨምረሽ ሰብስቢው። እንደ ዳቦ ሊጥ እንዳታሺው፤ ከታሸ ጥርስ ይሰብራል። ጠቅልለሽ ቀዝቃዛ ቦታ አሳርፊው።

ከዚያ ዳምጠሽ ፎርማውን አልብሺው። ወረቀት አንጥፊበት፣ ወረቀቱ ላይ ጥሬ ባቄላ ሙዪ፣ እንዲሁ ባዶውን ኦቨን ይግባ። ባቄላው ቅርፊቱ እንዳያብጥ የሚጫነው ክብደት ነው እንጂ አይበላም። ወረቀቱን አትርሺ።

መሙያውን እኛ የምንሠራው አልሞንድ በሚባለው የፈረንጅ ለውዝ ነው፤ አንቺ በኦቾሎኒ ሥሪው። ቡሬ ወርደሽ ከነጋዴው ከከድር ሱቅ የፓዌውን ኦቾሎኒ ጥሬውን ግዢ። በጨው የተቆላውን ቢሰጥሽ መልሺለት። ገለባውን ልጠሽ በሙቀጫ ውቀጪው፤ ዘይት ማውጣት ሳይጀምር አቁሚ። ስኳሩም ቅቤውም እንደ ኦቾሎኒው ልክ ይሁን፤ በእንቁላል ለውሺው። ቅርፊቱ ላይ አፍስሰሽ መልሰሽ ጋግሪው፤ ዳሩ ቀላ ሲል አውጪው።

ሳይበርድ ፍሬ እንዳታስጠጊ። ፍሬው አይጋገርም፤ ጥሬውን ነው የሚደረደረው፤ እዚያው በዚያው ትቆርጪና ትደረድሪያለሽ። ከላይ ማርማላታ በጥቂት ውኃ አቅልጠሽ ትቀቢዋለሽ። ያ እንደ ብርጭቆ የሚያበራው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቁራጭ የእናቴ ነው። ሳትሸጪ፣ ለማንም ሳታቀምሺ። ጥርሷ ስለማይችል ዳር ዳሩን ትተሽ ከመሃሉ ስጫት። ምን እንዳለች እንዳለችው ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው። ፎርማዎቹን ገነነ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ቤተ ክርስቲያን አብረን የምናገለግል የደምበጫ ልጅ ነው።

ደስታነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእጀ ወርቋ ለእህቴ ለደስታነሽ፤

እግዚአብሔር ከሥራሽ ሁሉ በረከት አያጉድልብሽ። ፎርማዎቹ በሰላም ደረሱ። ገነነ ጊዜ አጥሮት ከአዲስ አበባ ስላልወጣ ለናሁሰናይ ነው ያስረከበው። ዳራቸው እንደ ጥልፍ የተቀነጠበ ነው፤ ገና ሳልጋግርባቸው ግድግዳ ላይ ልሰቅላቸው ምንም አልቀረኝም።

ጉዴን ልንገርሽ። ቡሬ ወረድኩ። ከድር ኦቾሎኒው ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለኬክ ነው አልኩት። ሚስቱን ናዚፋን ከጓዳ ጠርቶ፣ «ነይ ስሚ፣ ፍኖተ ሰላም ኬክ በኦቾሎኒ ሊበሉ ነው» ብሎ ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ጥሬውን ግን መርጦ ሰጠኝ፤ ምርቃትም ጨመረልኝ።

የመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ረሳሁት። አንቺ አትርሺ ብለሽ የጻፍሽው ወረቀት ከፊቴ ተቀምጦ እኔ ባቄላውን ሊጡ ላይ ዘረገፍኩት። ሲወጣ ባቄላው ሁሉ ተቀርቅሮበት ወጣ። ጎረቤታችን ሠርክአዲስ አይታ፣ «አዲስ ዓይነት ንፍሮ ነው?» አለችኝ። ሁለተኛው ቀን ቅርፊቱ አማረልኝ፣ ፓፓያ ደረደርኩበት፣ ፓፓያው ውኃውን ለቀቀና ሁሉንም አረጠበው። ሦስተኛው ነው የተሳካልኝ። ብርቱካን በክብ በክብ ቆርጬ፣ መሃሉን የዘይቱን ፍሬ፣ ዳሩን ሙዝ አደረግኩ። ሙዙ እንዳይጠቁር ሎሚ ጨመቅኩበት።

የዛሬዋን ቀን ቆጥሬ ነው የመረጥኩት፤ ሐሙስ ናት፣ ጾም አይደለችም፤ እትየን አውቃቸዋለሁ። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እንዳልሽው ከመሃሉ ቆርጬ ሰጠኋቸው። አማተቡና ቀመሱ። «ጨምሪልኝ» አሉኝ። ሁለት ቁራጭ ጥርግ አድርገው በሉ። የቅቤው ሽታ አወዳቸው። በመጨረሻ ጣታቸውን እየላሱ፣ «ልጄ እጇ ይባረክ፤ ቅቤውንና እንቁላሉን እንዴት ብታስማማው ነው» አሉ። ይህን በዓይኔ አየሁልሽ፤ አንቺም ያየሽ ያህል ይቁጠርልሽ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ንግድ ፈቃዴን ላድስ ብሄድ የቤቱ ባለቤት ውክልና ካላመጣሽ አይሆንም አሉኝ። ቤቱ በስምሽ ስለሆነ ካንቺ በቀር የሚሰጠኝ የለም። እዚያ ካለው ኤምባሲ አስጽፈሽ ብትልኪልኝ። ከዚህ ቤት ሌላ መውደቂያ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ ጅጋ ያለውን የአባቴን መሬት ወንድሞቼ ተካፍለው ጨርሰውታል። አልሞንዱንም ከቻልሽ ላኪልኝ።

እትየ «ጥላ ከለላ ይሁንሽ» ብለዋል።

ያምሮት


ቶሪኖ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያምሮት፤

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደብዳቤሽ ኅዳር መግቢያ ላይ ደርሶኛል። መልስ ለመጻፍ ጊዜ ወሰደብኝ።

ስለ ሥራሽ ልጀምር። ሙዝ ታርት ላይ አይወጣም። በሎሚ ብታጠቢውም ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል፣ ከዚያ የሚያየው ሰው የቆየ ይመስለዋል። ፓፓያ የሚረጥበው ቆርጠሽ ስላላጠነፈፍሽው ነው። ወረቀት መርሳትሽ አልገረመኝም። አሮጊቷ አንቺን ብትቀጥርሽ ኖሮ በሳምንትሽ ሳህን አጣቢ ታደርግሽ ነበር።

እናቴ ሁለት ቁራጭ በላች። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀን መቁጠሪያም ከፍቼ አየሁ። ጥቅምት 14 ሐሙስ ነው፤ አልተሳሳትሽም።

የምጠይቅሽን አንድም ሳትዘዪ መልሺልኝ። ስትበላ ምን ለብሳ ነበር? ፊቷን ወደ መንገዱ ነው ወደ ግቢው ያዞረችው? በየትኛው እጇ ነው የያዘችው? ጣቷን ስትልስ ቀለበቷን አድርጋ ነበር ወይስ አውልቃው? በልታ ስትጨርስ ለኔ የተናገረችው ሌላ ነገር አለ? ረስቼዋለሁ እንዳትዪኝ፤ በዓይኔ አይቻለሁ ብለሻል።

አንድ ኪሎ አልሞንድ ገነነ በናሁሰናይ በኩል ይልክልሻል። አሁን ጾም ነው፤ ከገና በኋላ ጋግረሽ ስጫት። በአልሞንድ የተሠራውን ከኦቾሎኒው የቱን እንደምትመርጥ ጠይቂያት።

ውክልናውን በተመለከተ፣ ያን ቤት ያሠራሁት ለእናቴ ነው። እሷ ለያምሮት ስጫት ካለች እሰጥሻለሁ። ከአፏ የወጣውን ቃል በቃል ጻፊልኝ።

ደስታነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለደስታነሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ፣ ለጥምቀቱም በሰላም ያድርስሽ። ደብዳቤሽ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎብኛል። ሥራ ቢደክምሽ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በሙዙ በኩል ስለተቆጣሽኝ አልከፋኝም፤ ቁጣሽም ትምህርት ነው።

አልሞንዱ ደርሶኛል። እንዳልሽው ከገና በኋላ ጋገርኩት። ሽታው ቤቱን ሞልቶት ሰው ከመንገድ እየገባ ምን እንደሆነ ይጠይቀኝ ጀመር። ብርቱካንና ዘይቱን ብቻ ነው የደረደርኩት። የማሳያ መስታወቱ ውስጥ ሳስቀምጠው ባንክ ቤት የሚሠሩት ልጆች «የሚበላ ሰሃን» ብለው ስም አወጡለት። ህይወት ራሷ ሰው ልካ አስገዝታለች፤ የላከችው ሴት ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ነው የነቃሁባት።

ጥያቄሽን ልመልስ። እትየ የለበሱት ያችን ለበዓል የሚለብሷትን ነጭ ቀሚስ ነው፤ ነጠላቸውን ደግሞ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር፤ አላፊ አግዳሚውን ማየት እንደሚወዱ ታውቂያለሽ። በቀኝ እጃቸው ነው የያዙት። ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ነበር፤ ማርማላታው ነክቶት በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉት አይቻለሁ። በልተው ሲጨርሱ፣ «ይህቺ ልጄ አገሩን ሁሉ በእጇ ታስገባዋለች» አሉ።

የአልሞንዱንም በልተዋል። እንዲህ ነው ያሉት፦ «የኦቾሎኒው የአገር ቤት ጣዕም አለው፤ ይኼኛው ግን የልጄ እጅ ነው።»

የቤቱንም ነገር አነሳሁላቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «የጦረችኝ ያምሮት ናት። ስጫት፣ ልቤም ይረፍ» አሉ። ቃል በቃል ይኸው ነው። እኔ ግድ ብዬ ያስባልኳቸው እንዳይመስልሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ እግራቸውን ያጠብኩት፣ ፀጉራቸውን የሠራሁት፣ ሲታመሙ ያደርኩት እኔ ነኝ። ይህን እግዜርም ያውቃል፣ ጎረቤትም ያውቃል። አንቺም እወቂልኝ ብዬ ነው እንጂ ውለታ ቆጠራ አይደለም።

ውክልናውን አደራ። ቢሮው የሰጠኝ ቀን እያለቀብኝ ነው።

ያምሮት


ቶሪኖ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያምሮት፤

ሰላምታ አልጽፍልሽም።

እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። እኔ ስወለድ፣ ይህቺ ከተረፈችልኝ የጽጌን ጾም ዕድሜ ልኬን እጾማለሁ ብላ ለእመቤታችን ተሳለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማለት ነው። የፈቃድ ጾም ነው፣ ሁሉ ሰው አይጾመውም፤ ለዚህ ነው ያልታሰበሽ። አንቺ ረቡዕንና ዓርብን ቆጥረሽ በሐሙስ ደስ አለሽ። እናቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በጥቅምት ወር ቅቤ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ታይፎይድ ጥሏት ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ሾርባው ውስጥ ቅቤ አለበት ብላ ሳህኑን የመለሰች ሴት ናት። አንቺ ጥቅምት 14 ቀን ሁለት ቁራጭ አበላሻት።

ያን ደብዳቤ ያነበብኩት ሥራ ቦታ ቆሜ ነው፣ እጄ ዱቄት እንደሆነ። «የቅቤው ሽታ አወዳቸው» የሚለው ላይ ስደርስ እናቴ እንደሌለች አወቅኩ። መርዶ ነጋሪዬ አንቺ ነሽ። ከዚያ መልሼ ሊጤን ዳመጥኩ፤ የሰው ትዕዛዝ ነበር።

ማታውን ለነፍስ አባቷ ለቄስ ወልደ ገብርኤል ደወልኩ። ስልኩ የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። «ልጄ፣ እስቲ ወደ አገርሽ ነይ» ብቻ አሉኝ። ደግሜ ስጠይቃቸው ዋሽተው አያውቁምና፣ ያረፈችው ሐምሌ 16 ነው አሉኝ።

ስላልነገራችሁኝ አልከፋኝም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ስመጣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ሊያረዳኝ ነበር፤ ወጋችን ነው። ዝም ብትዪ ኖሮ እጅሽን እስም ነበር። አንቺ ግን አርባዋ በወጣ በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብለሽ «ሳልሞት ብቀምሰው» አስባልሻት። ከኦቨኑ ቀጥለሽ ደህና ናት ብለሽ ጻፍሽልኝ። አፈር የገባች ሴት ጣቷን አስላስሽልኝ። ቀለበቷን ደግሞ ማርማላታ ቀባሽው። ያ ቀለበት ከአገር የወጣሁ ዕለት አውልቃ ጣቴ ላይ ያደረገችልኝ ነው፤ ይህን ስጽፍልሽም ጣቴ ላይ ነው። ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ። ሁሉንም የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው። ምን ያህል እንደምትሄጂ ማየት ፈልጌ ነበር፤ እስከ ዳር ሄድሽ።

አሁን ስሚ። ውክልና የለም። ሁለት ምርጫ እሰጥሻለሁ። አንደኛው፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቤቱን ለቀሽ ቁልፉን ለቄስ ወልደ ገብርኤል ማስረከብ ነው። ሁለተኛው መቀመጥ ነው። ከተቀመጥሽ በየወሩ አንድ ታርት ትጋግሪያለሽ። የመጀመሪያውን ቁራጭ እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ታደርጊያለሽ፣ አጠገቡ ትቀመጫለሽ፣ ከዚያ ምን እንዳለች ትጽፊልኛለሽ። ትችይበታለሽ። አንዲት ወር ከዘለልሽ በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱን ለገዢ አስጎበኛለሁ፣ ጅጋም ወንድሞችሽ ደጅ ትወድቂያለሽ።

ለዘመድ ሁሉ፣ ደስታነሽ ገና አልሰማችም በያቸው። ማንም እንዳያረዳኝ። እኔ እስካልሰማሁ እናቴ አልሞተችም። የምትሞተው እኔ በቃ ስልሽ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንቺ ታኖሪያታለሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ይብቃኝ። ሁሉም ውሸት መሆኑን እያወቅኩ፣ የጥር ወሩ ደብዳቤሽ ሲመጣ እጄን ሳልታጠብ ነው የቀደድኩት። ይህን ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፣ ይቅር አልልሽም።

ደስታነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለደስታነሽ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ የቀጠርሽልኝ ቀን። በታዘዝኩት መሠረት እጽፍልሻለሁ።

ዛሬ ታርት ጋገርኩ። የማንጎ ወራት ነው፤ ከገበያ የበሰለውን መርጬ ስስ ስስ አድርጌ ቆርጬ በጨርቅ አጠንፍፌ ደረደርኩት። ከአልሞንድሽ የቀረውን በሙሉ ጨረስኩት። ቅርፊቱ አልተሰነጠቀም፣ መሙያው አልፈሰሰም፣ ላዩ ያበራል። ብታዪው አንቺም ስድብ የምታጪለት ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ቁራጭ እንዳልሽው በሩ ላይ፣ እትየ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ አደረግኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሠርክአዲስ ስታልፍ አይታኝ ማንን እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ። ዝንብ ሲያርፍበት አባረርኩ። ፀሐይ ሲደርስበት ወንበሩን ወደ ጥላው ሳብኩት። ብዙ ተቀመጥኩ። እትየ ምንም አላሉም።

ልፈጥርልሽ ሞክሬ ነበር። «እጅሽ ይባረክ አሉ» ብዬ ጀመርኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዋሸሁት አልከራከርሽም። ቤቱን ፈልጌ ነው፣ ኬክ ቤቱን ፈልጌ ነው፣ ወንድሞቼ ደጅ መመለስን ፈርቼ ነው። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ አሳፍሮኛልም። ይህን ደብዳቤ እንደጨረስኩ ቁልፉን ለቄስ ወልደ ገብርኤል አስረክቤ ከሰዓት በኋላ ወደ ጅጋ እሄዳለሁ። ኦቨኑን አጥቤዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ደብቄሻለሁ። እሱን የደበቅኩሽ ለቤቱ ብዬ አልነበረም፤ ላንቺ አዝኜ ነው። በሞቱ ሰው ምላስ እየተናገርኩ እንድኖር ከፈረድሽብኝ ወዲህ ግን አላዝንልሽም። ስለዚህ ከአፋቸው የሰማሁትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ይህን አልፈጠርኩትም።

የእትየ ጆሮ ከድቷቸው አያውቅም። የጠፋባቸው ልቡናቸው ነው። ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ጀምሮ ሰው መለየት አቆሙ። እኔን በእናታቸው ስም ይጠሩኝ ነበር። አንድ ቀን የግድግዳውን ፎቶሽን አውርደው፣ ይህቺ የማን ሙሽራ ናት ብለው ጠየቁኝ። ጆሯቸው ነው ብዬ የጻፍኩልሽ ሌላው እንዳይነገርሽ ብዬ ነው። ጎረቤቱንም አፍ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 14 ቀን ስትደውዪ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ እማዬ» እያልሽ ታለቅሺ ነበር። ከዚያ ተቋረጠ፤ ኔትወርክ ነው አልኩሽ። ኔትወርክ አልነበረም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዷን ቃልሽን ሰምተዋል። ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህቺ የምታለቅሰው ማን ናት?» አሉኝ።

«ደስታነሽ ናት» አልኳቸው።

«የትኛዋ ደስታነሽ?»

«የእርስዎ ልጅ ናት፣ እትየ።»

«ኧረ እኔ ልጅ የለኝም፤ የወለድኳቸው ሁሉ ሞተውብኛል» አሉ። ስልኩን መለሱልኝ። «የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ። ርቧት ይሆናል፣ የሚበላ ነገር ስጫትና ትሂድ» አሉኝ።

ያምሮት